መደቡን ላፍርሰው ወይስ ላቆየው? ባህር ዳር ላለች አንዲት ማረፊያ ክፍል

መክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ሽምብጥ ያለው የቤተሰባችን ቤት የጭቃ ቤት ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ክፍሎች ባለፈው ዓመት ታድሰዋል። የቀረችው የኋላዋ ክፍል ናት። 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ትሆናለች። ድሮ ጓዳ ነበረች፤ ጎታው፣ ጋኑ፣ የበርበሬው ከረጢት ሁሉ እዚያ ነበር። እናቴ ዘንድሮ ጡረታ ወጥታለች። ይህችን ክፍል የምታርፍባት፣ ዳዊቷን የምትደግምባት፣ ከጎረቤት ጋር ቡና የምትጠጣባት ላደርግላት አስቤያለሁ።

የቸገረኝ መደቡ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ከመስኮቱ በታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተዘርግቷል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ ነው የሠራው። ከፍታውን ለካሁት፤ 32 ሳንቲሜትር ነው። ጠርዙ ሰው ከመቀመጡ ብዛት ለስልሶ እንደ ዳቦ ጎን ተጠጋግቷል። ፊቱ ላይ፣ በቀኝ ጫፍ፣ አራት ትንንሽ የጣት አሻራዎች አሉ። ምርጊቱ ሳይደርቅ ከልጆቹ አንዳችን የነካነው ነው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ያነጋገርኩት የፊኒሺንግ ባለሙያ መደቡን አፍርሼ የአረብ መጅሊስ እንዳስገባ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስኜ ኳርትዝ እንዳስቀባ፣ ኮርኒሱን ጂፕሰም እንዳደርገው መከረኝ። በስልኩ ያሳየኝ ፎቶ ያምራል፤ አልዋሽም። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መልሶቹ

ይህ የውይይት ክር በወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ 26 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው፣ ለብዙዎቹም ምስጋና ስላለብኝ፣ በቁጥራቸው እየጠራሁ እዚህ አሰፍራቸዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

1ኛው የአንዲት እናት ነው። ሥራው ሳይጀመር ቤት ለእምቦሳ ብለው መረቁን። መደቡን እንዳልነካው፣ ቀጭን ፍራሽ ዘርግቼ ጋቢ እንዳለብሰው ነገሩኝ። ሦስት መስመር ነበር፤ ግን አንጀቴን አራሰው።

2ኛው የውስጥ ዲዛይን የሚሠራ ወጣት ነው። እርስዎ እያለ፣ በጨዋ ቃል ተቃወመኝ። ክፍሏ 14 ካሬ ሜትር ናት፤ መደቡ 70 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ከወጣ 3 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል ብሎ አሰላልኝ። ሶፋ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይደረጋል፤ መደብ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የክፍሏን ሥራ ነገ መቀየር ብፈልግ እንደሚያስረኝም አስጠነቀቀኝ።

3ኛው የአዴት ልጅ ነው። የእሱ ነገር ቁንጫ ነው። መደብ የቁንጫና የአቧራ ቤት መሆኑን፣ አያቱም በየቅዳሜው በእበት የሚለቀልቁት ለዚህ እንደነበር አስታወሰ። የእሳቸውን ጉልበት ያገኘ ሰው ካለ ያቆየው፣ ከሌለ ያፍርሰው ነው የሚለው።

4ኛውን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ግንበኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፋ ያለ ይመስለኛል። ስለ መደቡ ከመናገራቸው በፊት ስለ ሲሚንቶው ነው የጀመሩት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ከለበሰ መውጫ ያጣል። ባህር ዳር ደግሞ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እርጥበቱ ከመሬት እየተሳበ ወጥቶ ከሲሚንቶው ጀርባ ይቀመጣል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፤ ሲወድቅም ጭቃውን ይዞ ነው የሚወድቀው። ፊት ለፊት ባሉት ክፍሎቻችን ከታች በኩል ቀለሙ ለምን እንደሚያብጥ ያን ጊዜ ገባኝ። እነሱን በሲሚንቶ አስለስነናቸዋል።

መላውንም ነገሩኝ። ግድግዳውም መደቡም በራሱ በጭቃ ይመረግ። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ይፈለግ፣ ይነፋ። ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ይዘፍዘፍና ለጥቂት ቀን ይቡካ፤ በየቀኑ በእግር ይረገጥ። ከመመረጉ በፊት ደግሞ መዳፍ በመዳፍ የሚያህሉ አራት አምስት ሙከራዎች፣ ጭዱ ከፍ ዝቅ እየተደረገ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፉ። ሲደርቅ ያልተሰነጠቀው ነው ልኩ። ላዩ በኖራ ይቀባ። ከቤቱ ውጭ ደግሞ ታዛው ይርዘም፣ ውሃ መውረጃው ይጠረግ። ግድግዳ የሚሞተው ከውጭ በሚረጨው ውሃ ነው አሉ። መደቡን ማፍረስ አለማፍረሱን ለእኔ ተዉት።

5ኛው ስለ ምስጥ ጠየቀ። ግንበኛው በ6ኛው መለሱለት፦ ከመሬት የሚነካ እንጨት ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ከግድግዳው ሥር የተቆለለ ነገር አይኑር። እግረ መንገዳቸውን 2ኛውን አረሙት። ሶፋም እኮ ከጀርባው እስከ ፊቱ ሲለካ 85 እና 90 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ ከመደቡ የበለጠ ቦታ ይበላል ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። እኔ በሜትር ልለካው አላሰብኩም ነበር።

7ኛዋ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። እሷ ደግሞ ስለ ነፋስ ነው የጻፈችው። ባህር ዳር ከጣና ደቡብ ዳርቻ ላይ ናት፤ ስለዚህ ሐይቁ በስተ ሰሜናችን ነው። ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ማታ ይገለበጣል። የእኛ መደብ ከሰሜን መስኮት ሥር መሆኑ እንዲሁ የሆነ እንዳልመሰላት፣ የሠራው ሰው ቀዝቃዛዋን ቦታ አውቆ እንደመረጠ ጻፈች። አባቴ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንግዲህ እሱ ነው የሚያውቀው። በደቡብ በኩል ከበሩ በላይ ትንሽ የአየር ማስወጫ ብከፍት ነፋሱ ክፍሏን አቋርጦ እንደሚያልፍም መከረችኝ። በምዕራብ ያለውን ማንጎ በምንም ዓይነት እንዳልቆርጥ ለመነችኝ። የከሰዓት ፀሐይን የሚመልሰው እሱ ነው።

ስለ ኮርኒስም አነሳች። ቆርቆሮ በመጋቢትና በሚያዝያ ክፍሏን ምድጃ ያደርጋታል። ዋናው ነገር ጂፕሰም መሆኑ አይደለም፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚመላለስበት ክፍተት መኖሩ ነው። ተሰንጥቆ የተሸመነ ቀርከሃ ይበቃል፤ ከእንጅባራ በኩል ይመጣል። 8ኛው እዚህ ላይ ገብቶ ቀርከሃ ነቀዝ እንደሚበላው፣ በበጋ የተቆረጠ፣ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የደረቀ መሆኑን ሳልጠይቅ እንዳልገዛ አሳሰበኝ። የልጅነቱን አቡጀዴ ኮርኒስም አነሳ፤ ሌሊት አይጥ ሲሮጥበት የእግሩ ቅርጽ ከታች ይታይ ነበር። ይህን ያነበብን ሁሉ ያደግንበት ቤት ትዝ ብሎናል መሰለኝ፤ ብዙ ሰው ወደደለት።

9ኛዋ የዘጌ ልጅ ናት። ከጀልባ ወርደው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ ያለውን መንገድ ጻፈች። መጀመሪያ ሐይቁ ላይ ዓይን የሚያጭበረብር ብርሃን አለ። ከዚያ የቡናው ጫካ ጥላ። ከዚያ ክቡ ቤተ ክርስቲያን፤ ቅኔ ማኅሌቱ ደብዘዝ ብሎ ይቀበላል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ቀያቸውና ቢጫቸው የሚታየው ዓይን ከለመደ በኋላ ነው። አያቷም ቤት እንደዚሁ ነበር፤ በሩ ላይ ጨለም ይላል፣ ውስጡ ቀስ ብሎ ይገለጣል። ክፍሏን በብርሃን እንዳላጥለቀልቃት፣ ግድግዳዎቹን ሁሉ ባዶ ትቼ አንዱ ላይ ብቻ አንድ ነገር እንዳንጠለጥል መከረችኝ። ሰፌድም ይሁን ሥዕል፣ አንድ ብቻ። መብራትን በሚመለከት ነጩን 6500 ኬልቪን ትቼ 2700 ወይም 3000 የሚል የተጻፈበትን እንድገዛ፣ እሱንም ከኮርኒስ መሃል ሳይሆን ዝቅ አድርጌ በጥግ እንዳደርገው። እዚያው ማታ አምፖል ቀይሬ ሞከርኩት። ጭቃው ግድግዳ የማር መልክ ያዘ።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። 10ኛው ነገሩን አከረረው።

ጸሐፊው መደብ ላይ ነው ያደገው። ስድስት ሆነው በአንድ ባና ሥር፣ በክረምት ጀርባቸውን ቅዝቃዜ እየገባቸው። ደመወዝ ባገኘ በመጀመሪያው ዓመት የእናቱን መደብ በዶማ አፈረሰው፤ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። አሁን ገንዘብ ያለው ሰው ተነሥቶ ጭቃና እበት ያምራል ሲል ደሙ ይፈላል። ጭቃ ቤት ምርጫ ሳይሆን እጦት ነበር ነው የሚለው። እስከዚያ ሁሉም እርስዎ ሲለኝ ነበር፤ እሱ አንቺ አለኝ።

11ኛው ተነሥቶ በእናቱ ቤት ያፈረ ሰው ብሎ ሰደበው። 12ኛውና 13ኛው ተሰርዘዋል፤ መሰረዛቸውም ደግ ነው። ሰው ስለ ድህነቱ ሲናገር እናትን ማንሳት ነውር ነው። 14ኛው የእኔ ነው። ለ10ኛው ነው የጻፍኩት። እኛ አልጋ ነበረን። እኔ መደቡ ላይ የተቀመጥኩት በቀን ነው፣ የተኛሁት ታምሜ ከእናቴ አጠገብ መሆን ስፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ የሚያውቀውን ቅዝቃዜ አላውቀውም፤ ይህን ሳልደብቅ ነገርኩት። ቢሆንም አባቴ የሠራውን ነገር ለማቆየት መፈለጌ የማንንም ችግር ማሳመር አይመስለኝም። አልመለሰልኝም።

ከ15 እስከ 19 ነገሩ ከመስመር ወጣ። ግን ደስ የሚል መውጣት ነበር። 15ኛው መደቡ ላይ የደንገል ምንጣፍ እንዳደርግ ሐሳብ አቀረበ። 16ኛው ደንገሉ ራሱ ከየት ሊገኝ ነው አለ። ታንኳ ሠሪዎቹ እንኳን ደህና ደንገል ለማግኘት ርቀው መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ዳርቻው ታረሰ፣ ከብት ገባበት። አንድ ታንኳ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ እስኪከብድ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ይፈለጋል። 17ኛዋ በደንገሉ ፈንታ እምቦጩን አጭዶ መሸመን ይቻላል አለች። ኪሱሙ ላይ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ወንበርና ቅርጫት ይሠሩበታል። 18ኛው በቁጣ መለሰላት። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ እርጥቡን ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝ ጣና ላይ የደረሰውን ወደ ሌላ ውሃ መውሰድ ነው። ሁለቱም ያሉት እውነት አለው። እዚያው ዳር ላይ ከደረቀና ከተራገፈ ግን መሸመኑ ምን ጉዳት አለው? ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ የሚችል ሰው ይክፈተው። 19ኛው የቆሮሶ ዓሣ ዋጋ ጠየቀና አለፈ።

20ኛዋ ነርስ ናት፤ ነገሩን ወደ ቤቱ መለሰችው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ ያለበት ከፍታ ነው። የሰሜን መስኮት ነፋስ ብቻ አይደለም የሚያስገባው። መስኮቱም የአየር ማስወጫውም ወንፊት ይደረግባቸው፤ ሰው የሚያድርበት ከሆነ አጎበር ይሰቀል። ለጌጥ ብዬ ውሃ የሚቋጥር ማሰሮ ከመስኮቱ ሥር እንዳላስቀምጥም አስጠነቀቀችኝ። እኔ ደግሞ የድሮውን እንስራ አበባ ላስይዝበት አስቤ ነበር። ሥሩ ተበስቶ ውሃው እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

ከዚያ 21ኛዋ መጣች። እናቷን ለዓመታት የምታስታምም ሴት ናት። ሌላው ሁሉ ያለፈውን ቁጥር አነሳች፦ 32 ሳንቲሜትር። ለሕፃን ነው የሚሆነው አለች። ጉልበቷን የሚያማት ትልቅ ሰው ከዚያ ለመነሣት የሆነ ነገር መያዝ አለባት። 45 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከ20 መልስ በኋላ እናቴ ራሷ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው አለ ወይ አለችኝ።

አልነበረም።

ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄድኩ። ኋለኛዋ ክፍል ውስጥ ነበረች። መደቡ ላይ አልነበረም የተቀመጠችው፤ ከመደቡ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩን በየቀኑ አየዋለሁ። ለምን እዚያ እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። መደቡ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደማያስነሣት ነገረችኝ። ሶፋ አትፈልግም፤ ሶፋ ይሰምጣል፣ ወገብ ይጎዳል። መጅሊሱማ ከመደቡም የባሰ ዝቅ ያለ ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ቁጭ ብላ በመስኮቱ የግቢውን በር ማየት። ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ከተቀመጠች የሚታያት የማንጎው ጫፍ ብቻ ነው። ለጓዳ ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። መደቡ ይፍረስ ወይ ብላት ግን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የጣቶቹንም ነገር ጨረሰችው፤ የወንድሜ ናቸው። አራት ዓመቱ ነበር። አዲስ አበባ ደውለን ነገርነው።

ይህን 22 ላይ ጻፍኩ። በ23ኛው ግንበኛው ልኬቱን ላኩልኝ። መጀመሪያ ፍራሹን እንዳልረሳ አሳሰቡኝ፤ ሰው ሲቀመጥበት 7 ሳንቲሜትር ያህል የሚቀር ፍራሽ ከሆነ መደቡ 38 ይብቃው፤ 6 ሳንቲሜትር ብቻ ይጨመርለታል። የድሮው ላዩ ይቧጠጥ፣ ውሃ ይረጭበት፣ ከዚያ አዲሱ ጭቃ ይረፍበት፤ ካልሆነ አይያያዝም። የመስኮቱ ደፍ አሁን 1 ሜትር ከ10 ነው። ወደ 75 ይውረድ፤ በጭቃ ቤት ይህ ቀላል ነው፣ ማገሩ ይቆረጥና አዲስ አግዳሚ ይገባለታል። ቋሚው ግን እንዳይነካ። 7ኛዋ በ24 ተመልሳ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ጨመረች። እናቴ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ከምትቀመጥ፣ ወደ መደቡ ጫፍ ሄዳ የጎኑን ግድግዳ ተደግፋ እግሯን በመደቡ ላይ ትዘርጋ። መስኮቱ በጎኗ ይሆናል፤ በሩም ነፋሱም ይደርሳታል። ይህን ወረቀት ላይ ሥዬ ለእናቴ ሳሳያት ሳቀች። እሷ ድሮ እኔን ስታጠባ የተቀመጠችው እንደዚያ ነው።

25ኛው ለመጋረጃና ለመደቡ ልብስ አውራ አምባ ሄጄ ከሸማኔዎቹ እንድገዛ ነው። ሄጃለሁ፤ ወፍራም ጥጥ፣ ነጭ ከቡኒ መስመር ጋር አምጥቻለሁ።

26ኛው ደግሞ ያ 10ኛው ነው። ሐሳቡን አልለወጠም። ጭቃ ዛሬም አይወድም። ነገር ግን እናቱ መደቡ ከፈረሰ በኋላ እስከ ሞቷ ድረስ ወለሉ ላይ አጎዛ ዘርግታ ያንኑ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥ እንደነበር፣ አልጋውንም ሶፋውንም ገዝቶላት እዚያው መመለሷን ጻፈ። እሱም ምን እንደምትፈልግ አልጠየቃትም ነበር። በመጨረሻ ጠንካራ ወንፊት የሚሸጥበትን ቦታ ጠቆመኝና እርስዎ ብሎ ተሰናበተኝ።

ዛሬ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል። ለሙከራ ከለጠፍናቸው አራት መዳፎች ሦስተኛው አልተሰነጠቀም፤ በእሱ ልክ ነው ያስመረግነው። ምራጊው የወንድሜን ጣቶች ዙሪያ አንድ ስንዝር ሳይነካ ትቶታል። መስኮቱ ወርዷል፤ የዋንዛ ፍሬሙ ገና አናጢው ጋ ነው። ለጊዜው ቀዳዳው ላይ ሰሌን ሰቅለናል። ጭቃው አልደረቀም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ገብታ በመዳፏ ትነካዋለች፤ ሰሌኑን ገለጥ አድርጋ በሩን ታየዋለች፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ትመለሳለች። 20ኛዋ እህቴ፣ ወንፊቱ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የሚመታው?